አጥሩ ሲሳሳ

ሳጥኑ የተሠራው ከጥርት ካለ ፕላስቲክ ነው። አየር የሚገባው በማጣሪያ በኩል ብቻ ነው። በጎኑ ላይ እስከ ክንድ የሚደርሱ ወፍራም የጎማ ጓንቶች ተገጥመውለታል፤ ተመራማሪው አይጦቹን የሚይዘው እጁን በእነዚህ ጓንቶች አስገብቶ ስለሆነ ገላው ከገላቸው አይገናኝም። ምግባቸው፣ ውኃቸው፣ የሚተኙበት የእንጨት ፍቅፋቂ ሳይቀር ከጀርም ጸድቶ ነው የሚገባላቸው። የዘሩ መጀመሪያ የሆኑት አይጦች ከእናታቸው ማሕፀን በቀዶ ሕክምና የወጡ ናቸው፤ በተፈጥሮው መንገድ ቢወለዱ ኖሮ የእናታቸውን ባክቴሪያ ይዘው ይወጡ ነበር። ከዚያ ወዲህ እዚያው ሳጥን ውስጥ እየተዋለዱ የሚኖሩት አይጦች በአንጀታቸው አንድም ረቂቅ ተሕዋሲ የለም።

በእንዲህ ዓይነት አይጦች ላይ ከተሠሩት ብዙ ምርምሮች ሁለቱን ጎን ለጎን ያነበበ ሰው ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። በ2014 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በስቶክሆልም የካሮሊንስካ ተቋም የስቨን ፔተርሰን ቡድን ያወጣው ጥናት፣ ጀርም አልባ አይጦች ከደም ወደ አንጎል የሚያልፈውን የሚቆጣጠረው አጥራቸው የሳሳ መሆኑን አሳየ። መሳሳቱ ገና በፅንስነት ይጀምራል፤ ካደጉም በኋላ ይቀጥላል። ጤናማ አይጦች አንጀት ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ሲሰጧቸው ግን አጥሩ ተመልሶ ጠበቀ። በ2023 ደግሞ ከአሜሪካዋ ሴንት ሉዊስ ከተማ፣ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ከሚገኘው የዴቪድ ሆልትስማን ቤተ ሙከራ ሌላ ውጤት ወጣ። አንጎላቸው ከጊዜ በኋላ እንዲመናመን ተደርገው በዘረመል የተዘጋጁ አይጦች ጀርም አልባ ሆነው ሲያድጉ፣ በ40 ሳምንት ዕድሜያቸው አንጎላቸው የደረሰበት ጉዳት ባክቴሪያ ካላቸው መሰሎቻቸው እጅግ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። አንደኛው ጥናት ባክቴሪያ ከሌለ አጥሩ ይሳሳል ይላል። ሁለተኛው ባክቴሪያ ከሌለ አንጎል ይተርፋል ይላል።

ሁለቱም ትክክል ናቸው ብዬ አምናለሁ። የሚጣሉ የሚመስሉት የአንጀት ባክቴሪያዎችን ወይ ወዳጅ ወይ ጠላት አድርገን ለመፈረጅ ስለምንቸኩል ነው። ማስረጃው ተሰብስቦ ሲታይ የሚያመለክተው እነዚህ ተሕዋስያን የአንጎልን አጥርና የአንጎልን መከላከያ ሕዋሳት የሚቀርጹ መሆናቸውን ነው። የተቀረጸው አቅም ለጥቅም ይውል ወይም ለጉዳት የሚወስኑት የሰውየው ዕድሜ፣ ዘረመልና የደም ሥሮቹ ጤንነት ናቸው። ይህን መቀበል ብዙ ነገር ይለውጣል። ዛሬ «ለማስታወስ ችሎታ» እየተባለ በየመደብሩ የሚሸጠውን የባክቴሪያ እንክብል የምናይበትን ዓይን ይለውጣል፤ የመርሳት በሽታን ለመከላከል ገንዘብና ጉልበት የት ይዋል የሚለውንም ይለውጣል። ጉዳዩ የጥቂት ተመራማሪዎች ክርክር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2021 በዓለም ዙሪያ 57 ሚሊዮን ሰዎች ከመርሳት በሽታ ጋር ይኖሩ ነበር፤ ከእነዚህ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ያሉ ናቸው። በእኛም አገር «አርጅተው ነው፣ ጃጅተው ነው» ተብሎ ከሚታለፈው ውስጥ ስም ያለው፣ መንገዱም እየታወቀ የመጣ ሕመም ብዙ ነው። ከጠቅላላው ከ60 እስከ 70 በመቶውን የሚይዘው አልዛይመር ነው።

ስለ አጥሩ ያለን እውቀት የጀመረው በቀለም ነው። ጀርመናዊው ፖል ኤርሊክ በ1885 ባወጡት ሥራ በእንስሳት ሰውነት ውስጥ ቀለም ሲያስገቡ የሰውነቱ ክፍል ሁሉ ሲነከር አንጎልና ሕብለ ሰረሰር ሳይነከሩ መቅረታቸውን ገለጹ። ኤርሊክ ነገሩን የአንጎል ሥጋ ቀለሙን ስለማይስብ ነው ብለው አለፉት። ኤድዊን ጎልድማን ግን በ1913 ሙከራውን ገለበጡት፤ ሰማያዊውን ቀለም በቀጥታ አንጎልን በሚከበው ፈሳሽ ውስጥ ጨመሩት። አንጎሉ ሰማያዊ ሆነ፤ የተቀረው ሰውነት ግን እንዳለ ቀረ። ቀለሙን የሚስብ ሥጋ እያለ ቀለሙ ካልደረሰው፣ በመካከል የሚከለክል ነገር አለ ማለት ነው። በ1921 ለዚህ ከልካይ ስሙን ያወጡለት በጄኔቭ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሮፌሰር የሆኑት ሊና ሽተርን ናቸው። ኋላ ወደ ሞስኮ ሄደው ሲሠሩ በ1949 በስታሊን መንግሥት ታሰሩ፤ አብረዋቸው ከተከሰሱት አብዛኞቹ በ1952 ሲረሸኑ እሳቸው በግዞት ተርፈዋል። ያወጡት ስም በሕክምና መጻሕፍት ሁሉ እየተጻፈ እሳቸው ግን እምብዛም አይታወሱም፤ ይህ ሊታረም የሚገባው በደል ነው።

አጥሩ በእርግጥ ምን እንደሚመስል የታየው በ1967 ነው፤ ቶማስ ሪስና ሞሪስ ካርኖቭስኪ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አዩት። የሰው አንጎል ፀጉር የማያህሉ ቀጫጭን የደም ሥሮች ጫፍና ጫፋቸው ቢገናኝ ርዝመታቸው 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። በሌላው የሰውነት ክፍል የእነዚህ ሥሮች ግድግዳ ክፍተት ስላለው ብዙ ነገር ሾልኮ ይወጣል። በአንጎል ውስጥ ግን የግድግዳው ሕዋሳት ክላውዲን 5 እና ኦክሉዲን በሚባሉ ፕሮቲኖች እርስ በርስ ተጣብቀዋል። ከውጭ ፔሪሳይት የሚባሉ ሕዋሳት ያቅፏቸዋል፤ ከእነሱም ወዲያ አስትሮሳይት የተባሉ የአንጎል ሕዋሳት እግራቸውን ዘርግተው ይሸፍኗቸዋል። ኦክስጅን እንደ ልቡ ያልፋል፤ ስኳር ደግሞ የራሱ አሳላፊ ፕሮቲን አለው። አብዛኛው የደም ፕሮቲን፣ አብዛኛው መድኃኒትና ባክቴሪያ ግን እዚያው ደም ውስጥ ይቀራሉ። የስቶክሆልሙ ጥናት በጀርም አልባዎቹ አይጦች ላይ ቀንሰው ያገኛቸው እነዚሁ ክላውዲን 5 እና ኦክሉዲን ናቸው።

በሰው ላይስ? እዚህ ላይ ትልቁን ሥራ የሠሩት በሎስ አንጀለስ፣ በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ የበሪስላቭ ዝሎኮቪች ባልደረቦች ናቸው። በ2015 በኤምአርአይ ባደረጉት ምርመራ ሰው ዕድሜው ሲገፋ አጥሩ መጀመሪያ የሚሳሳው ሂፖካምፐስ ውስጥ መሆኑን አሳዩ፤ ሂፖካምፐስ አዲስ ነገር ለመያዝ የምንጠቀምበት የአንጎል ክፍል ነው። መለስተኛ የማስታወስ ችግር በጀመራቸው ሰዎች ላይ ደግሞ መሳሳቱ ከእኩዮቻቸው ይብስ ነበር። በ2019 ያወጡት ሥራ ከዚህም ይልቃል። የአልዛይመር መለያ የሆኑት አሚሎይድና ታው የተባሉ ፕሮቲኖች መጠን ለውጥ ባላሳየባቸው ሰዎችም ላይ የአጥሩ መሳሳት ከማስታወስ መድከም ጋር አብሮ ይሄዳል። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ለአልዛይመር የሚያጋልጠውን ኤፒኦኢ 4 የተባለውን ዘረመል የተሸከሙ ሰዎች፣ አእምሯቸው ገና ንቁ እያለ፣ አጥራቸው ቀድሞ እንደሚሳሳ አሳዩ። አጥሩ ሲሳሳ ፋይብሪኖጅንን የመሰሉ፣ ቦታቸው ደም ውስጥ ብቻ የሆኑ ፕሮቲኖች ወደ አንጎል ይገባሉ፤ እዚያ ያሉት የመከላከያ ሕዋሳትም ይቆጣሉ። በሕክምና ቋንቋ ብግነት የሚባለው ይኸው ነው።

አንጀት እዚህ ታሪክ ውስጥ የሚገባው በኬሚካሎቹ በኩል ነው። አንድ ሰው ወደ 38 ትሪሊዮን የሚጠጋ ባክቴሪያ ይዞ ይኖራል፤ ክብደታቸው ተደምሮ ከሩብ ኪሎ አያልፍም። ሆዳችን መፍጨት የማይችለውን አሰር እነሱ አብላልተው አሲቴት፣ ፕሮፒዮኔትና ቡታይሬት የሚባሉ አጫጭር ቅባት አሲዶች ያወጣሉ። እነዚህ ወደ ደም ይገባሉ፤ ከአንጀት ራቅ ባለ ቦታም ይሠራሉ። በስቶክሆልሙ ጥናት ባክቴሪያ ሳይሰጥ ቡታይሬት ብቻ ሲሰጥ እንኳ አጥሩ ጠብቋል። በጀርመን ፍራይቡርግ የማርኮ ፕሪንትስ ቡድን በ2015 ያወጣው ጥናት ደግሞ ማይክሮግሊያን ይመለከታል። ማይክሮግሊያ የአንጎል ነዋሪ የሆኑ የመከላከያ ሕዋሳት ናቸው፤ ቆሻሻ ይጠርጋሉ፣ ወራሪ ይዋጋሉ፣ ሲበዛባቸው ግን ጤነኛውንም ነርቭ ይጎዳሉ። በጀርም አልባ አይጦች ውስጥ እነዚህ ሕዋሳት ቅርጻቸው ያልበሰለ፣ ለጥቃት የሚሰጡት ምላሽም ደካማ ሆኖ ተገኘ። እነዚያን አጫጭር አሲዶች በመጠጥ ውኃቸው ሲያገኙ ሕዋሳቱ በሰሉ።

አሁን ወደ ሴንት ሉዊስ እንመለስ። እዚያ የነበሩት አይጦች ሁለት ነገር ተሸክመዋል፤ ነርቭን የሚያበላሸውን የታው ፕሮቲንና የሰውን ኤፒኦኢ 4 ዘረመል። ባክቴሪያ ሲነፈጉ ተረፉ። ያለ ባክቴሪያ አጫጭሮቹን አሲዶች ብቻ ሲያገኙ ደግሞ ጉዳቱ ተመልሶ መጣ። በአንዱ ቤተ ሙከራ መድኃኒት የሆነው በሌላው መርዝ ሆነ ማለት ነው፤ ከፍራይቡርጉ ውጤት ጋር ሲነበብ ግን ትርጉም ይሰጣል። ከቡችላነቱ ማንም ያላሠለጠነው ውሻ ሌባም ሲገባ አይጮህ፣ እንግዳም ሲመጣ አይነክስ፤ የሠለጠነው ግን ሁለቱንም ይችላል። ማይክሮግሊያም እንዲሁ ነው። አሲዶቹ ያበስሏቸዋል፤ የበሰለው ሕዋስ ጤነኛ አንጎል ውስጥ ጠባቂ ነው፤ ታው በተከማቸበትና በኤፒኦኢ 4 በተዳከመ አንጎል ውስጥ ደግሞ ያው ብስለቱ ወደ ነርቮቹ ይዞራል። በሰው ዘረመል ላይ የተገኘውም ይህንን ይደግፋል። በ2012 መጨረሻ ከአይስላንድና ከለንደን የወጡ ሁለት ጥናቶች፣ ትሬም 2 የተባለው የማይክሮግሊያ ዘረመል የተዛባባቸው ሰዎች ለአልዛይመር የመጋለጥ ዕድላቸው ወደ ሦስት እጥፍ እንደሚጠጋ አሳይተዋል። መዛባቱ ሕዋሳቱን የሚያዳክም ነው። ማይክሮግሊያ መቆጣቱ ብቻ ሳይሆን መድከሙም ያሳምማል።

ለዚህ ሁሉ ጠንካራ ተቃውሞ አለ፤ የመጀመሪያው ሕመሙ ነው አንጀትን የለወጠው የሚለው ነው። የመርሳት በሽታ ያለበት ሰው ምግብ ይረሳል፣ ማሽተት ይቀንሳል፣ የሆድ ድርቀት ይይዘዋል፣ ብዙ መድኃኒት ይወስዳል። በ2017 ከዊስኮንሲን የወጣው ጥናት በ25 የአልዛይመር ሕሙማንና በ25 ጤነኞች ሰገራ መካከል ልዩነት አግኝቷል፤ ከእንዲህ ዓይነት ንጽጽር ግን የቱ ቀድሞ እንደመጣ ማወቅ አይቻልም። ተቃውሞው ተገቢ ነው፤ ሆኖም ከዚያ ወዲህ የመጡ ሁለት ሥራዎች ኃይሉን ቀንሰውታል። አንደኛው በ2023 የታተመ ሲሆን የተመረመሩት 164 ሰዎች በሙሉ አእምሯቸው ንቁ ነበር። 49ኙ ግን በአንጎላቸው የአልዛይመር ምልክት መከማቸት ጀምሮ ነበር፤ አንድም ነገር ሳይረሱ የአንጀታቸው ባክቴሪያ ከሌሎቹ ተለይቶ ተገኘ። ሁለተኛው በዚያው ዓመት በአየርላንድ ኮርክ ዩኒቨርሲቲ በኢቮን ኖላን ቡድን የተሠራው ነው። የአልዛይመር ሕሙማን ሰገራ ወደ ወጣት አይጦች አንጀት ሲዛወር አይጦቹ ማስታወስ ላይ ደከሙ፤ በሂፖካምፐሳቸው የሚወለዱት አዳዲስ ነርቮችም ቀነሱ። ሕመሙ ብቻ አንጀትን ለውጦ ቢሆን ኖሮ፣ ወደ ጤነኛ እንስሳ የተዛወረው ሰገራ ምንም ባላመጣ ነበር። አሚሎይድ ምልክት ከመታየቱ 20 ዓመት ያህል ቀድሞ መከማቸት ስለሚጀምር ግን በ164ቱ ሰዎች መካከል የታየው ልዩነት ከዚያ የመጣ ነው ብሎ መከራከር አሁንም ይቻላል። ስለዚህ እኔ የምለው አንጀት ሕመሙን ይጀምራል አይደለም፤ ሕመሙ በሚሄድበት ፍጥነትና አቅጣጫ ላይ እጁ አለበት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ሐኪሞች ደጋግመው የሚያነሱት ነው፦ ብግነት ይህን ያህል ጥፋተኛ ከሆነ ፀረ ብግነት መድኃኒቶች ለምን አልሠሩም? በአሜሪካ ከ2,500 በላይ በቤተሰባቸው አልዛይመር ያለባቸው አረጋውያን ናፕሮክሰን፣ ሴሌኮክሲብ ወይም ማስመሰያ መድኃኒት እንዲወስዱ ተደርጎ ነበር። ሙከራው በ2004 ለልብ ጤና ተፈርቶ ተቋረጠ፤ በኋላ በተደረገው ክትትልም መድኃኒቶቹ ከመርሳት በሽታ ሲከላከሉ አልታየም። ለእኔ ይህ መክሸፍ ከላይ ከቆመው ክርክር ጋር የሚጋጭ ሳይሆን ከእሱ የሚጠበቅ ነው። ናፕሮክሰን አንድ የኬሚካል መንገድ ይዘጋል፤ ማይክሮግሊያን ከመቆጣት ወደ ጠባቂነት አይመልስም፤ የሳሳ አጥርም አይጠግንም። ብግነትን በጅምላ ማፈን ጥበቃውንም አብሮ ማፈን ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ የንግዱን ዓለም ይመለከታል፤ እዚህ ላይ ከተቃዋሚዎቹ ጋር ነኝ። በኅዳር 2019 የቻይና መንግሥት ከባሕር አረም የተዘጋጀውን ጂቪ 971 የተባለ መድኃኒት በቅድመ ሁኔታ ፈቀደ፤ አሠራሩም የአንጀት ባክቴሪያን በማስተካከል የአንጎልን ብግነት መቀነስ ነው ተባለ። ፈቃዱ የተመሠረተው በ818 ሕሙማን ላይ ለ36 ሳምንት በተደረገ ሙከራ ነው። ብዙ የዘርፉ ሊቃውንት ግን የማስመሰያው ቡድን ውጤት በመጨረሻዎቹ ሳምንታት በድንገት ማሽቆልቆሉን ጠቅሰው ልዩነቱን ተጠራጠሩ። በሌሎች አገሮች ሊረጋገጥ የተጀመረው ሰፊ ሙከራ በ2022 ተቋረጠ፤ ኩባንያው የኮሮና ወረርሽኝንና የገንዘብ እጥረትን ምክንያት አድርጎ አቀረበ። በምግብም በኩል ቢሆን ውጤቱ ልብ የሚሞላ አይደለም። ማይንድ የተባለው፣ አትክልት፣ ጥራጥሬና የወይራ ዘይት የሚበዛበት አመጋገብ በ604 አሜሪካውያን አረጋውያን ላይ ለሦስት ዓመት ተሞክሮ በ2023 ውጤቱ ሲወጣ ካወዳደሩት ቡድን ጎላ ያለ ልዩነት አላመጣም። ስለዚህ አንድ ዓይነት ባክቴሪያ በእንክብል አሽጎ «ከመርሳት ይጠብቃል» ብሎ መሸጥ ማስረጃ የለውም። ከሴንት ሉዊሱ ውጤት በኋላ ደግሞ ኤፒኦኢ 4 ለተሸከመ ሰው እንዲያው ቢቀር የሚሻል ሊሆን ይችላል ብሎ መጠርጠር ይገባል። ለእናቱ ወይም ለአባቱ ፈውስ የሚፈልግ ሰው የጨነቀው ነው፤ በእንዲህ ዓይነት ጭንቀት ላይ መነገድ ነውር ነው።

ሌላም የሚያሳስብ ነገር አለ። በ2022 በወጣ ትንተና መሠረት፣ አገራቸው ከታወቀ የሰው ባክቴሪያ ናሙናዎች ውስጥ ከ70 በመቶ በላይ የተሰበሰቡት ከአውሮፓ፣ ከአሜሪካና ከካናዳ ነው። «ጤነኛ አንጀት» ሲባል የተለካው የእነዚያ ሰዎች አንጀት ነው ማለት ነው። ጤፍ፣ ሽሮና ምስር እየበላ ያደገ፣ የዓመቱን እኩሌታ ገደማ ከሥጋና ከወተት የሚጾም ሰው አንጀቱ ውስጥ ያለው የባክቴሪያ ስብጥር ከቺካጎ ነዋሪ ጋር ይመሳሰላል ብሎ ለመገመት ምክንያት የለም። ዋሽንግተንም ሆነ ቴል አቪቭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሐኪም ቤት ሄደው የአንጀት ምርመራ ቢያደርጉ ውጤታቸው የሚመዘነው በሌላ ሕዝብ ሚዛን ነው። ስለዚህ ባህላዊ ምግባችንን «የአንጎል መድኃኒት» ብሎ ማወጅም፣ ከውጭ የመጣውን እንክብል ማሳደድም ከማስረጃው የቀደመ ነው። የሚያስፈልገው በዚህ አመጋገብ የሚኖሩ ሰዎችን ለዓመታት መከታተል ነው፤ ሰገራቸውን ብቻ ሳይሆን በኤምአርአይ አጥራቸውንም ጭምር።

እስከዚያው ግን እጃችንን አጣጥፈን የምንቀመጥበት ምክንያት የለም፤ ክርክሩ አጥሩ ላይ ካረፈ፣ አጥሩን የሚያሳሳውን ዋነኛ ነገር ቀድሞውኑ እናውቀዋለንና። የአንጎል አጥር የደም ሥር ግድግዳ ነው፤ የደም ሥርን ግድግዳ የሚጎዳ ነገር ሁሉ እሱንም ይጎዳል፤ ከሁሉም በፊት የደም ግፊት። በአሜሪካ ከ9,300 በላይ ሰዎች የተሳተፉበትና በ2019 ውጤቱ የወጣው ስፕሪንት ማይንድ የተባለ ሙከራ፣ የላይኛውን የግፊት ቁጥር ከ120 በታች ማውረድ ከ140 በታች ከማድረግ ጋር ሲነጻጸር መለስተኛ የማስታወስ ችግርን በ19 በመቶ እንደሚቀንስ አሳየ፤ በመርሳት በሽታ ላይ ያሳየው ቅነሳ ግን በስታቲስቲክስ አልጸናም። በ2025 ደግሞ ከቻይና ገጠር የበለጠ ግልጽ መልስ መጣ። በ326 መንደሮች የሚኖሩ 33,995 የደም ግፊት ያለባቸው ሰዎች በየመንደራቸው በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። በአንደኛው ወገን የነበሩትን የመንደር የጤና ባለሙያዎች ግፊታቸውን እየለኩ፣ መድኃኒት እየሰጡና እየመከሩ ተከታተሏቸው። ከአራት ዓመት በኋላ በእነዚህ ሰዎች ላይ የመርሳት በሽታ በ15 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ይህን ያደረጉት የነርቭ ስፔሻሊስቶች አይደሉም። ኢትዮጵያ ከ2003 ጀምሮ በየቀበሌው ያሰማራቻቸው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ያንኑ ዓይነት ሥራ ሊሠሩ የሚችሉ ናቸው፤ የሚያስፈልጋቸው የማይቋረጥ የግፊት መድኃኒት አቅርቦት፣ በትክክል የሚለካ መሣሪያና ሕሙማኑን በየወሩ የሚከታተሉበት ጊዜ ነው።